መርዝ ሲያጋጥም ወተት፣ ማስመለስ፣ ውሃ ወይስ መኪና? ለሰሜን ሸዋ ቤተሰብ የንጽጽር መመሪያ

አንድ ሰው መርዝ ነካው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ ጎረቤት ወተት ይዛ ትሮጣለች። ሌላው “ቶሎ አስመልሱት!” እያለ ይጮኻል። ሎሚ የሚቆርጥ አለ፣ ጸበል የሚያመጣም አይጠፋም። ሁሉም ከልቡ ነው። ግን በዚያ ግርግር መሐል የቱ እንደሚጠቅምና የቱ እንደሚጎዳ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ በደህናው ጊዜ እንጠይቅ። በእኛ አካባቢ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ደብረ ብርሃን ብርዱን በከሰል ታሸንፋለች። ምንጃርና ጅሩ ያለ ኬሚካል ርጭት ክረምቱን አይወጡም። ከጣርማበር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ እባብ አለ። በየቤቱ በረኪና፣ ላምባና የአይጥ መርዝ አይጠፋም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኛው ሰው መርዝ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚለው “ምን ላጠጣው?” ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰው የሚያተርፈው እርዳታ አብዛኛው በአፍ የሚገባ አይደለም። ንጹህ አየር፣ ብዙ ውሃ በቆዳ ላይ፣ ትክክለኛ አተኛኘትና ፈጣን መኪና ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

አንዱን እርዳታ ከሌላው ለማወዳደር አምስት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ከሁሉም ይከብዳል፦ ባይጠቅም እንኳ አይጎዳም ወይ? “ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም ምን ይጎዳል” የምንለው ነገር በመርዝ ላይ አይሠራም። ሁለተኛ፣ መርዙን በእርግጥ ከሰውነት ያርቃል? ሦስተኛ፣ ስንት ደቂቃ ይበላል? አራተኛ፣ በሌሊት፣ በድንጋጤ፣ ያለ ሥልጠና ሊደረግ ይችላል? አምስተኛው ወጪው ነው። ወጪውን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት እንደምታዩት ጥሩዎቹ አማራጮች ርካሽ ስለሆኑ ነው።

መርዙ የገባበት በርም መታየት አለበት። በአፍ የተዋጠ፣ ቆዳ ወይም ዓይን ላይ የፈሰሰ፣ በትንፋሽ የገባ፣ በንክሻ የገባ፣ አራቱም አያያዛቸው ይለያያል።

ከምንም በፊት ግን ሰውየውን እዩት። ስሙን ጠርታችሁ ይመልሳል? ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል? ትንፋሽ ከሌለ የቀረውን ሁሉ ተዉትና በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ ጠንከርና ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። አፉ ላይ መርዝ ካለ አፍ ለአፍ አትንፉ፣ እናንተንም ይነካችኋልና። ሌላ ሰው እስከዚያ መኪና ይጥራ።

## ማስመለስ

በሰፈራችን የመጀመሪያው እጩ ይህ ነው። ጣት መክተት፣ የጨው ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ አንዳንዴም ኮሶ። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የገባው ይውጣ ነው ነገሩ።

ችግሩ ሦስት ነው። በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የባትሪ አሲድ ሲዋጥ ጉሮሮን እያቃጠለ ይወርዳል። ብታስመልሱት በዚያው መንገድ ሁለተኛ ያቃጥላል።

ላምባና ቤንዚን ደግሞ ሆድ ውስጥ ከሚሠሩት ይልቅ ሳንባ ውስጥ የሚሠሩት ይብሳል። ስስ ፈሳሽ ስለሆኑ ሲያስመልስ ወደ አየር ቧንቧ ይሸሻሉ። ከዚያ የሳንባ ቁስለት ይመጣል። ላምባ የጠጣ ልጅ ወዲያው ካሳለ ወይም ትንታ ከያዘው ጥቂቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል። “ሳሉ ይተወዋል” ብሎ ቤት ማሳደር አይገባም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ኬሚካልና ብዙ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል ወይም ያንቀጠቅጣል። ጣት ስትከቱ የነቃ የነበረ ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል። ራሱን የሳተ ሰው ሲያስመልስ ይታፈናል።

የጨው ውሃው ለብቻው መነገር አለበት። ብዙ ጨው በተለይ ለሕፃን ራሱ መርዝ ነው። የደም ጨው መጠን ከልክ በላይ ሲወጣ አንጎል ይጎዳል። ላምባውን ሊቋቋም የሚችል ልጅ በጨው ውሃ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ዓለምም ማስመለስን ሞክሮ ነው የተወው። አሜሪካ ውስጥ ወላጆች አይፔካክ የሚባል ማስመለሻ ሽሮፕ ቤታቸው እንዲያስቀምጡ ይመከሩ ነበር። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2003 እ.ኤ.አ. ቤት ውስጥ አትጠቀሙበት አለ። የተሠራው መድኃኒት ካልሆነ፣ የእኛ ኮሶ እንዴት ሊሆን ነው?

በራሱ ካስመለሰ ግን አትከልክሉት። ወደ ጎን አዙሩት፣ አፉን ጥረጉለት። የአይጥ መርዝ ወይም የነቀዝ ክኒን ከሆነ ትውከቱ የሚያፍን ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል በርና መስኮት ክፈቱ፤ ዙሪያውንም አትክበቡ። መኪና ውስጥም መስኮቱ ክፍት ይሁን።

## ወተት

ወተት ላይ ጨካኝ መሆን አልፈልግም። እናቶቻችን የሰጡን በፍቅር ነው። ግን ወተት መርዝ አያረክስም። ሆድ ውስጥ ገብቶ ኬሚካሉን አስሮ የሚያስቀር ነገር የለውም።

የሚያቃጥል ነገር የዋጠ ሰው ሙሉ በሙሉ ከነቃ፣ መዋጥ ከቻለና ካላስመለሰው አፉን ተጉመጥሙጦ ከተፋ በኋላ ጥቂት ጉንጭ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ከውሃው ይልቅ ወተቱ ቀረብ ካለ ወተቱም ያው ነው። የወተት ትልቁ ማዕረግ እዚህ ያበቃል፤ በጥሩ ቀኑ ውሃን ያህላል።

በመጥፎ ቀኑ ይጎዳል። አንድ ጆግ ወተት የተጋተ ሰው ማስመለሱ አይቀርም፤ የማስመለስን ጉዳት ከላይ አይተናል። ቅባት የሚያሟሟቸው መርዞችም አሉ። ቁም ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ናፍታሊን አንዱ ነው። የወተቱ ስብ እንዲህ ያለውን መርዝ ወደ ደም የሚገባበትን መንገድ ሊያቀልለት ይችላል።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ጊዜው ነው። ወተት ፍለጋ ጎረቤት ይኬዳል። ይጠጣል። “እስቲ እንየው” ይባላል። ትንሽ የተሻለው ይመስላል፣ መኪናው ይመለሳል። ፓራሲታሞል ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። ጉበቱ መጎዳቱ የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ቢሰጥ ይመረጣል። ወተት ጠጥቶ ደህና ያደረው ሰው ያ ጊዜ አመለጠው ማለት ነው።

## ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የምድጃ ከሰል

ሎሚ ማሽተት ከመሳት አይመልስም። ነጭ ሽንኩርት ጸረ ተባይ አያረክስም። በረኪና የጠጣ ሰው ላይ “አሲዱ ያጠፋዋል” ብሎ ሎሚ መጭመቅ ጭራሽ ክልክል ነው። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ከሰል ግን ግማሽ እውነት አለበት። ሆስፒታል ውስጥ መርዝን ሆድ ውስጥ የሚይዝ የከሰል ዱቄት ይሰጣል። ያ ከሰል በተለየ መንገድ የተዘጋጀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅመውም መርዙ በተዋጠ በመጀመሪያው ሰዓት አካባቢ ነው። ለላምባ፣ ለአልኮል፣ ለአሲድና ለበረኪና አይሆንም። ከምድጃችሁ አውጥታችሁ የፈጫችሁት ያንን ሥራ አይሠራም። ዱቄቱ ወደ ሳንባ ቢገባ ሌላ ጣጣ ነው።

## ውሃ፣ ግን በላይ እንጂ በውስጥ አይደለም

አሁን ወደሚያዋጣው መጣን። ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ለገባ ኬሚካል ከውሃ የሚበልጥ የቤት እርዳታ የለም። ደግነቱ ሁሉም ቤት አለ፤ ክፋቱ ብዙዎቻችን ቶሎ እናቆመዋለን።

ምንጃር ውስጥ በኅዳር ሽምብራ ላይ ጓይ ትል ሲወጣ አንድ ገበሬ እንዴት እንደሚረጭ አስቡ። የጀርባ መርጫው ክዳን በደንብ አይገጥምም። ፈሳሹ በጀርባው ላይ እየተንጠባጠበ ሸሚዙን ያርሳል። የመርጫው አፍንጫ ሲደፈን አውልቆ በአፉ ይነፋዋል። ከሰዓት በኋላ ያልበዋል፣ ራሱን ያመዋል። “ፀሐዩ ነው” ይላል። ከዚያ ምራቅ በአፉ ይሞላል፣ እንባው ይወርዳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ዓይኑን ብታዩት ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ይህ ፀሐይ አይደለም። ብዙ ጸረ ተባዮች ነርቭን የሚመቱት እንዲህ ነው። ጤና ተቋም ውስጥ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለው።

እስከዚያ ድረስ ልብሱን አውልቁለት። በአንገቱ በኩል የሚወልቅ ሹራብ ከሆነ በፊቱ ላይ እንዳይጎተት በመቀስ ቅደዱት። እናንተ ጓንት ከሌላችሁ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ቆዳውን በብዙ ውሃና ሳሙና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ። ፀጉር፣ ከጥፍር ሥር፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላ አትርሱ። በጨርቅ አትፈትጉት፣ ቆዳው ከተላጠ ይበልጥ ይገባል። ሙቅ ውሃም አይሁን። የደጋ ሰው ከሆነ ታጥቦ ሲያበቃ በጋቢ ሸፍኑት፣ ብርዱ ራሱ ሌላ ጠላት ነው። የቆዳ ጫማና ቀበቶ ኬሚካል ከጠጡ ታጥበው አይጠሩም፣ መጣል ነው። ሲታጠብ ከከበደው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ደቂቃ አትቁጠሩ፤ ልብሱን አውልቃችሁ በፍጥነት አጥባችሁ ጫኑት።

ዓይን ከሆነ ሰውየውን ጎንበስ አድርጋችሁ የተጎዳው ዓይን በታች በኩል ይሁን። በጆግ ከአፍንጫው በኩል ወደ ጆሮው አቅጣጫ በቀስታ አፍስሱ። ደህናው ዓይን ውስጥ እንዳይወርድ ነው ይህ ሁሉ። ቆቡን በጣት ክፈቱለት፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ “ታጥቤያለሁ” ይላል። እዚህም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። የጡት ወተት፣ የሎሚ ጠብታ፣ የኩል ቅባት አያስፈልግም።

## አየር

ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ተከራይ በአንድ ክፍል ውስጥ ማንደጃውን አስገብቶ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ይወትፋል። ብዙ ሰው “ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም፣ አሁን ችግር የለም” ብሎ ነው የሚተኛው። ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ገዳዩ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ፍም ብቻ ሆኖ ቀልቶ የሚያምረው ከሰልም ያወጣዋል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ጋዙን አይውጠውም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ጉንፋን ይመስላል፣ ትኩሳት ግን የለውም። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ከቤት ወጥተውም ከተሻላቸው ጉንፋን አትበሉት።

እዚህ ላይ እርዳታው አንድ ነው፤ ማውጣት። በሩን በርግዳችሁ ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ሰውየውን ጎትታችሁ ውጡ። ውስጥ ሆኖ ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት፣ እርጎ ማጠጣት፣ ማንደጃውን ለማጥፋት መታገል ሁሉ አዳኙንም ያስቀራል። ውጭ ከወጣ በኋላ ብርድ ልብስ ደርቡለት።

ከዚያ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል? ራሱን ስቶ የነበረ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ራስ ምታቱ ያልለቀቀው ሰው በግድ ይሂድ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በተራ አየር ጋዙ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስድበታል። በኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የነፍሰ ጡሯ ነገር ይበልጥ ያሳስባል፤ እሷ ተሽሏት ጽንሱ ገና ሊሆን ይችላል።

## በጎን ማስተኛት

ርካሽና የተናቀ አማራጭ ነው። የሚተነፍስ ግን የማይነቃ ሰው በጀርባው ከተኛ ምላሱና ትውከቱ ያፍነዋል። በግራ ጎኑ አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበት እጠፉ፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ትራስ ላይ ቀና አድርጎ ውሃ በማንኪያ መስጠት የለም። መኪና ውስጥም በዚሁ አተኛኘት ይሂድ።

## ጸበልና ባህላዊ መድኃኒት

በእምነት ላይ ክርክር አልከፍትም። የምለው የተራ ጉዳይ ነው። ጸሎቱ መኪና ውስጥም ይደርሳል፤ ጸበሉም ሰው ከዳነ በኋላ ይደርሳል። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚያስመልስ ሰው ጸበሉን በአፍ አትስጡ፣ እንደማንኛውም ውሃ ሊያፍነው ይችላል። ብዙ ካህናት ይህን ራሳቸው ይናገራሉ።

ከሥር ቅጠል የሚቀመመው ግን ሌላ ነገር ነው። መርዝ ባለበት ሆድ ላይ መጠኑ ያልታወቀ ሌላ ቅመም መጨመር ነው። እንዶድና ኮሶ ራሳቸው ሲበዙ ይመርዛሉ። ሐኪሙም ሁለት መርዝ ለመለየት ይገደዳል። ተወስዶ ከሆነ ግን አትደብቁ፣ ንገሩት።

## የእባብ ንክሻ

እዚህ የሰፈር ምክሩ ረጅም ነው። ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ፣ ላምባ መቀባት። ሁሉም ከመመዘኛው ይወድቃሉ። አጥብቆ ማሰር እግሩን ሊያሳጣ ይችላል፤ መብጣት ደም ያፈሳል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛል። የሚያዋጣው የተነከሰውን አካል እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ አለማንቀሳቀስ፣ ቀለበትና አልቦ ከማበጡ በፊት ማውለቅ፣ ሰውየውን በቃሬዛ መሸከም ነው። እየሮጠ ከሄደ መርዙ ይሰራጫል። እባቡን ለማሳየት ብሎ ማሳደድ ሁለተኛ ተነካሽ ያመጣል።

## ወዴት፣ በምን?

ጤና ኬላ ቅርብ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታግዛለች፣ ስልክ ትደውላለች። ግን ኦክስጅንና መርፌ ለሚያስፈልገው ሰው ማለፊያ እንጂ መድረሻ አይደለም። ጤና ጣቢያ ይሻላል። በጠና የታመመ ሰው ሆስፒታል ነው ቦታው። ደብረ ብርሃን ትልቁ አለ፤ መንዝ ያለ ሰው መሐል ሜዳ፣ መርሐቤቴ ያለ ዓለም ከተማ ሆስፒታል አለው። ሰው እየሄደ ሌላው አስቀድሞ ይደውል። መድኃኒቱ ከሌላቸው ሌላ ቦታ ይጠቁማሉ፣ ሁለት ጉዞ ይቀራል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የወረዳችሁን አምቡላንስ ቁጥር ግን ከጤና ኬላው ጠይቃችሁ ዛሬ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። አምቡላንስ በቶሎ ከመጣ አንደኛ ምርጫ ነው፣ ታማሚውን ማስተኛት ይቻላል። “እየመጣ ነው” እየተባለ ሰዓት ካለፈ ግን የተገኘውን ያዙ። ባጃጅ ለነቃና መቀመጥ ለሚችል ሰው ይሆናል። ለማይነቃ ሰው ፍራሽ የተነጠፈበት የአይሱዙ ጭነት ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ ራሱን የሚይዝ ሰው አጠገቡ ሆኖ መሄድ ይሻላል። ሞተር ሳይክል ላይ አታስቀምጡት፣ መንገድ ላይ ራሱን ቢስት ይወድቃል።

ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ብልቃጡን፣ የክኒኑን ቅርፊት፣ የከረጢቱን ቁራጭ። ካልተቻለ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንሱ። “መድኃኒት ጠጣ” ብቻ ከተባለ ሐኪሙ ከምን እንደሚጀምር አያውቅም። በጸረ ተባይ ዕቃ ሥር ላይ ያለውን የቀለም መስመርም አሳዩ፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የመጨረሻው ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና ምን እንደሰጣችሁትም ተናገሩ።

ሰውየው ሆን ብሎ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን መደበቅ የቤተሰብ ክብር ይመስለናል፣ ሕክምናውን ግን ያዘገያል። አትቆጡት፣ “ምን አነሰህ” አትበሉት። ብቻውን አትተዉት። ለባለሙያው በግልጽ ንገሩ፣ የአእምሮ ጤና ክትትልም ጠይቁ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቤት ውስጥ ኬሚካል እንዳያገኝ አድርጉ።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ይጎዳል? | ይጠቅማል? | የሚወስደው ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ማስመለስ፣ የጨው ውሃ | አዎ፣ በጣም | አይመከርም | ጊዜ ይበላል | ነጻ |
| ወተት | ሊጎዳ ይችላል | ከውሃ አይበልጥም | ፍለጋው ያዘገያል | ትንሽ |
| ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የምድጃ ከሰል | አዎ | አይ | ያዘገያል | ትንሽ |
| ቆዳንና ዓይንን ማጠብ | አይ | እጅግ | ከ15 እስከ 20 ደቂቃ | ውሃና ሳሙና |
| ወደ ንጹህ አየር ማውጣት | አይ፣ አዳኙ ከተጠነቀቀ | እጅግ | ደቂቃ | ነጻ |
| በጎን ማስተኛት | አይ | ለማይነቃ ሰው እጅግ | ሰከንዶች | ነጻ |
| የሥር ቅጠል ቅመም | አዎ | አይ | ሰዓታት | ይለያያል |
| ንክሻን ማሰር፣ መብጣት | አዎ | አይ | ያዘገያል | ነጻ |
| ቀጥታ ጤና ተቋም | አይ | ዋናው ይህ ነው | እንደ መንገዱ | ትራንስፖርትና ሕክምና |

## ለየትኛው ቤት የቱ?

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት። ከእርዳታው ይልቅ ዕቃው ላይ ጠንክሩ። ላምባና በረኪና ሃይላንድ ውስጥ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቁም። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚያየው፤ ትልቅ ሰውም በጨለማ ይሳሳታል። በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ወጪ የለውም።

ከሰል የሚያነድ ተከራይ። ክፍሉን አሙቁና ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ደጅ አውጡ። ሳይነድ የሚያሞቀው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ቅድሚያ ለእሱ ስጡ።

የአካባቢውን አረቄ የሚጠጣ። ሲጠጡ ያመሹ ሰዎች በማግስቱ ዓይናቸው ከደበዘዘ፣ ሆዳቸውን ከቆረጣቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ የዞረ ድምር አይደለም። ሜታኖል የገባበት መጠጥ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ብቻ ነው መፍትሔው።

ጅሩ ላይ ስለ ጓያ የሚጠይቁኝ አሉ። እሱ በአንድ ቀን የሚመርዝ ነገር አይደለም፣ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው እግር የሚይዘው። በመጀመሪያ እርዳታ የሚመለስ ጉዳይ ስላልሆነ እዚህ አልገባበትም።

የሚረጭ ገበሬ። ምንም ገንዘብ ከሌላችሁ ንፋስ በጀርባችሁ ይሁን፣ የተደፈነ አፍንጫ በአፍ አይነፋ፣ ማሳው ዳር አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ። ያ ጀሪካን ለመጠጥ አይነካ። የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ክፍል ባለ እህል ላይ አይደረግ። ባዶውን ዕቃ ወግታችሁ ከጥቅም ውጭ አድርጉት፣ ዘይት ወይም ጠላ መቅጃ አይሁን። ትንሽ ገንዘብ ካለ የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ ይገዛ፤ ሱሪው ከቦት ጫማው ውጭ ይውረድ፣ አለዚያ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ይገባል። ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ግን ብዙ አትመኑበት። ኬሚካሉን ጠጥቶ አፍ ላይ ይዞት ይውላል፣ ጋዝንም አያግድም።